ክሬን ሥር እሺ አይባልም

አዋሳ ፒያሳ ጫፍ ላይ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ የቆመውን አዲስ ሕንፃ አይታችሁት እንደሆነ፣ ከመሠረቱ እስከ አስራ አራተኛው ወለል የወጣው ብረት ሁሉ በእኔ እጅ ታስሮ፣ በእኔ ትእዛዝ በክሬን የወጣ ነው። ካሰች እባላለሁ። ራሴ የምናገረው ሌላ የሚናገርልኝ ስለጠፋ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ኢንጂነሩ ክሬኑን በጣቱ ያሳያል፣ ስንት ባሕር ተሻግሮ እንደመጣ ያወራል፣ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ያደንቃል። እኔ መንጠቆው ሥር ቆሜ እያለሁ በራሴ ላይ አሻግሮ ያያል። አንድ ቀን አንዷ እንግዳ "እኚህ እናት እዚህ ምን ይሠራሉ?" ብላ ጠየቀችው። "አይ፣ አንዳንድ ነገር ያግዙናል" አላት። አንዳንድ ነገር! እኔ ባላስር ኖሮ ያ ሁሉ ብረት የአባ ኮዳ ወፍ ማረፊያ ከመሆን ሌላ ምን ይፈይድ ነበር?

ንቀት ለምጃለሁ። የባለፈው ሰኞ ግን ባሰ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኢንጂነር ፍፁም ሠራተኛውን ሰብስቦ ወረቀት አወጣ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን በወረቀት ላይ ያልተጻፈ ነገር ዓይኑ አያይም።

"ከዛሬ ጀምሮ ከሥር ሆኖ ክሬኑን የሚያዝ ሰው የሥልጠና ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል" አለ። "አዲሷ ባልደረባችን ማህሌት ትባላለች። ሠልጥና፣ ተፈትና፣ አልፋ የመጣች ናት። እማማ ካሰች፣ እርስዎ ደግሞ ቀለል ያለ ሥራ ሰጥተንዎታል። ላይ ወጥተው አርማታውን ውሃ ያጠጣሉ።"

"ጎመን ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"የማጠጣው።"

ሠራተኛው ሳቀ። እሱም ፈገግ አለና "እማማ፣ አዲስ አርማታ ውሃ ካላገኘ ይሰነጠቃል። እርስዎ ያውቁታል" አለኝ።

"አንተ ኢንጂነር ከመሆንህ በፊት አውቀዋለሁ። እኔም ልፈተን።"

"ፈተናው በጽሑፍ ነው እኮ፤ በዚያ ላይ በእንግሊዝኛ። እርስዎ ደግሞ..." ብሎ አፈረና ተወው።

"አታነቢም በለኝ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል? እኔ አላፈርኩበትም" አልኩትና የውሃውን ጎማ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። አስራ አራት ወለል፣ በዚህ ጉልበት። ቀለል ያለ ሥራ ያለው ይህን ነው።

እውነት ነው፣ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አስራ አንድ ዓመት ባሬላ ተሸክሜያለሁ፣ ከዚያ ስድስት ዓመት ክሬን ሥር ቆሜያለሁ። የማውቀውን ያወቅኩት በዓይኔና በአንገቴ ነው፤ ስድስት ዓመት ሽቅብ ያየ ሰው አንገቱ ይመሰክራል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ያን ክሬን እዚያ ላይ ማን አወጣው?" እያለ ነው። ራሱ ነው የወጣው! አንገቱ ላይ ቀሚስ የመሰለ የብረት ፍሬም አለ። ያ ቀሚስ በዘይት ግፊት ጭንቅላቱን ከነክንዱ ወደ ላይ ገፍቶ ይይዘዋል፤ መሐል ላይ ክፍት ቦታ ሲገኝ አዲስ የአንገት ቁራጭ ይገባበታል፣ በብሎን ይታሰራል። እንደገና ይገፋል፣ እንደገና ይገባል። ሕንፃው ባደገ ቁጥር እሱም ያድጋል። አንገት በሚጨመርበት ቀን ክንዱ ሚዛን ጠብቆ ፀጥ ይላል፤ ዙር ቢሉት ወዮለት።

ኋላው ላይ የተንጠለጠሉት የሲሚንቶ ብሎኮች ደግሞ ለጌጥ አይደሉም። ውሃ የሞላ ባልዲ ደረትህ ላይ አስጠግተህ ያዝ፤ ምንም አይልህም። ክንድህን ዘርግተህ ያዘው፤ ይጥልሃል። ክሬኑም እንዲሁ ነው። አንገቱ አጠገብ ስድስት ቶን ያነሳል፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ግን አንድ ቶን ተኩል ካለፈ እምቢ ይላል። ኋላው ያለው ብሎክ ወደ ፊት እንዳይደፋ ይጎትተዋል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የመዞሪያው ፍሬን ይለቀቃል፤ ነፋስ ወደፈለገበት ያዙረው ተብሎ። የታሰረ ክሬን ነፋስ ይጥለዋል፣ የተፈታ ግን ይሸሻል። አንዲት ጎረቤታችን እሑድ ዕለት ሰው ሳይኖርበት ሲዞር አይታ፣ ሰይጣን ገብቶበታል ብላ ጸሎት ልታስይዝለት ነበር።

ላይ የሚቀመጠው አልአዛር ነው፤ የዚሁ የአዋሳ ልጅ። ጠዋት ምሳውን በጀርባው አዝሎ መሰላሉን ይወጣል፣ እስኪመሽ አይወርድም። ከመውጣቱ በፊት በሲዳምኛ "ኬሬ?" ይለኛል፤ ሰላም ነሽ እንደማለት ነው። እኔም "ኬሬ" እላለሁ፣ ሌላ ሲዳምኛ አልችልም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሆኖ የታቦርን ተራራ ያያል፣ ሐይቁን ከነጀልባው ያያል፣ እስከ ቱላ ያለውን ቆርቆሮ ሁሉ ያያል። ከሕንፃው ጀርባ ያለውን ግን አያይም። ብረቱ የሚከመረው ደግሞ እዚያው ጀርባ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው ዓይኑ እኔ ነበርኩ። በሬዲዮ የምንነጋገረው ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ሳብ፣ ቁም፣ አውርድ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ። "ሳብ ሳብ" ካላልኩ ሰማይ ቢወድቅም ማንሻውን አይነካም።

አሁን ማህሌት ያን ሬዲዮ ያዘች። ልጅቷን ልጠላት ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ከአስተማሪ ቤተሰብ በደንብ ያደገች ናት። ችግሩም አስተዳደጓ ነው፤ ሁሉን "እሺ" ትላለች። ብሎኬት የሚጭነው ሲጠራት እሺ፣ ኢንጂነሩ ሲያዛት እሺ፣ አልአዛርን ስታዝ እንኳ "እሺ አልአዛር፣ ሳብ" ነው የምትለው።

ማክሰኞ ጠዋት ይህን ሰምቼ ጎማዬን ጣልኩና ወረድኩ።

"ማህሌት፣ በሬዲዮ እሺ አትበዪ።"

"ለምን እማማ?"

"እሺ ምን ማለት ነው?"

"እሺ ነዋ... እሺ" ብላ ሳቀች።

"አየሽ? አንቺም አታውቂውም። ሰማሁ እሺ ነው። አልሰማሁም ግን አትጨቅጭቀኝ እሺ ነው። ሂድ እሺ ነው፣ ቆይ እሺ ነው። እምቢ ማለት ያሳፈረው ሰውም እሺ ይላል። ከላይ ያለው ሰው የትኛውን ይያዝ?"

አንገቷን ዝቅ አድርጋ "እሺ እማማ" አለችኝ።

ኢንጂነሩ ቢሮ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠ ነገርኩት። ያ ቃል አንድ ቀን ሰው ይገድላል፣ ከሬዲዮው አውጡት አልኩት። ዓይኑን ሳያነሳ ምን እንዳለኝ ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። "እሺ እማማ።"

እንግዲህ ዓርብ ደረሰ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት የሐይቁ ነፋስ ይነሳል። እኔ አስራ አራተኛው ወለል ላይ፣ በስተጀርባ በኩል ጠርዙ አጠገብ ሆኜ አርማታ አጠጣለሁ። ቁልቁል አያለሁ፤ ከዚያ ሥራ መልካሙ ነገር እሱ ብቻ ነው። ሳዳም የሚባለው ብረት አሳሪ ከአንድ ጥቅል ፌሮ ጎን ተንበርክኳል። ጥቅሉ አስራ ሁለት ሜትር ርዝመት አለው፣ ሁለት ሰንሰለት ይታሰርበታል። የመጀመሪያው ታስሯል። ሁለተኛውን ገና አንድ ጊዜ ነው የጠቀለለው፤ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ካልተነከሰ ፌሮ እንደ ዓሣ ይሾልካል። ሁለቱም ሰንሰለት ግን መንጠቆው ላይ ገብቷል። ማህሌት አምስት እርምጃ ርቃ ሬዲዮዋን ይዛ ሳዳም እስኪጨርስ ትጠብቃለች። ደንብ ነው፣ ያደረገችው ልክ ነው።

ከዚያ ኢንጂነሩ ከቢሮው በሬዲዮ ጠራት። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። "ማህሌት፣ ይሄ ከወጣ በኋላ ብሎኬቱ ይቅደም፣ ሰማሽኝ?" አላት።

"እሺ" አለችው።

አልአዛር ላይ ሆኖ እጁ ማንሻው ላይ ነው። አምስት ቀን ሙሉ "እሺ አልአዛር፣ ሳብ" ሲባል ጆሮው ለምዷል፤ እሺ ስትል እጁ ቀደመ። የኢንጂነሩን ድምፅ ነፋሱ በልቶበታል። የሰማው እሺን ብቻ ነው።

እኔ ያየሁት ገመዱ ሲወጠር ነው።

ሳዳም ጮኸ፤ እጁን መንጭቆ ሲያወጣ ጓንቱ ከሰንሰለቱ ጋር ቀረ። ጥቅሉ አንድ ጫፉ ቀድሞ ተነሳ፣ ከዚያ ሌላው። ዘመመ። ከግንቡ አጥር ከፍ ሲል ነፋሱ ያዘውና ወደ ውጭ ገፋው። ከአጥሩ ማዶ ጠባብ መንገድ አለች፤ ባጃጅ ተሰልፎ የሚጠብቅባት፣ ሰው ከገበያ የሚመለስባት።

ዘወር አልኩና ሁለቱን ክንዴን ዘርግቼ ወዲያና ወዲህ አወናጨፍኩ። ይህ ምልክት የማንም ቢሆን ይከበራል፤ ውሻ እንኳ ቢያሳየው ክሬን ይቆማል ብሎ ያስተማረኝ አልአዛር ራሱ ነው። አየኝ። ከተቀመጠበት የክሬኑ ጓዳ መስታወት ውስጥ ዓይኑ ሲፈጥ እኔም አየሁት። ቆመ።

ክሬኑ ቆመ እንጂ ጭነቱ አልቆመም። ከታች ሬዲዮ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ፤ ይህንንም ኋላ ነው የሰማሁት። ምን ሆነ፣ ያዘው፣ ልቀቀው፣ ቆይ፣ እሺ፣ አታንቀሳቅስ፣ አውርድ ኧረ! አንዱ ያዝ ሲል አቁም ማለቱ ነው፣ ሌላው ያዝ ሲል አንሳ ማለቱ ነው። አልአዛር ኋላ "ሬዲዮውን አጠፋሁት እማዬ፤ እጅዎን ብቻ ማየት ጀመርኩ" አለኝ።

አሁን ምን ላድርግ? አውርድ ብል ከሥሩ ሰው አለ፣ መንገዱም ላይ ሰው አለ። ልጩህ ብል ከአስራ አራተኛ ፎቅ በዚያ ነፋስ ማን ይሰማኛል? ደግሞ አንድ ፌሮ ከጥቅሉ እንደ ምላስ ብቅ ማለት ጀምሯል።

የውሃውን ጎማ አንስቼ ወደ ግቢው ለቀቅኩት።

ውሃው እንደ ካፊያ ወረደባቸው። ሁሉም ሽቅብ አንጋጠጠ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ዝናብ ከየት መጣ ብሎ። ማህሌትም አንጋጠጠች። ጎማውን ጣልኩና በሁለት እጄ እንደሚገፋ ሰው አሳየኋት፤ አስወጪ፣ አስወጪ፣ ከዚያ ማዶ መንገዱን። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳየኋት። ሳዳምን በኮቱ ጎትታ አስነሳችው፣ ሌሎቹን ነዳቻቸው፣ ራሷ በትንሿ በር ወጥታ መንገዱ መሐል ቆመችና ባጃጆቹን እየደበደበች ወደ ኋላ መለሰቻቸው። ያቺ እሺ ባይ ልጅ! ከላይ አይሰማም እንጂ አፏ ሲከፈት ያየሁት እሺ የሚል አፍ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እኔና አልአዛር ብቻ ቀረን።

የሚወዛወዝ ነገር በኃይል አይያዝም። ተከትለኸው ትሄዳለህ። ጭነቱ ወደ አጥሩ ሲሄድ በአውራ ጣቴ አሳየሁት፤ መንጠቆውን የተሸከመችውን ትንሿን ጋሪ በክንዱ ላይ አብሮ አስኬዳት። ጋሪዋ ልክ ከጭነቱ በላይ ስትደርስ ቁም ለማለት እጄን ጨበጥኩ። ቆመች። ውዝዋዜው ግማሽ ሆነ። ነፋሱ እንደገና ገፋው፤ እንደገና ተከተልን፣ እንደገና ጨበጥኩ። እጄን ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ለኦፕሬተር ሁለት ትእዛዝ ነው።

ሦስተኛው ላይ ጭነቱ ፀጥ አለ። ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢው፣ በቀስታ። ብቅ ያለችው ፌሮ ወጣች፤ ሌላም ተከተለቻት። ሁለቱ ቁልቁል ሄደው የአሸዋ ክምር ላይ እንደ ጦር ተተከሉ። ሳዳም ተንበርክኮበት ከነበረው ቦታ ሦስት እርምጃ ነው። ማንም አልነበረም። መዳፌን ወደ ታች አድርጌ አየሩን እንደ ሕፃን ራስ ደባበስኩት፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ጥቅሉ መሬት ነካ። ገመዱ ላላ። ያን ጊዜ ነው አርማታው ላይ የተቀመጥኩት፤ እርጥብ መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም።

ቀሚሴ ረጥቦ አስራ አራቱን ወለል ወረድኩ። ግቢው ውስጥ ሰው እንደ ለቅሶ ቤት ተሰብስቧል። ሳዳም ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

"ተው፣ ጉልበቴን አትንካ፣ ያመኛል። ጓንትህን ፈልግ" አልኩት።

አልአዛርም ወርዶ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ኢንጂነሩ እስክሪብቶ ይዞ ይጽፋል።

"ኦፕሬተሩ ያለ ትእዛዝ አንስቷል" አለ እየጻፈ።

"እሺ ተባልኩ" አለ አልአዛር።

"ለአንተ ነው እንዴ የተባለው?"

"ለማን እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? ጀርባው አይታየኝ!"

ማህሌት ፊቷን በእጇ ሸፍና "እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ" አለች። "ለእርስዎ ነበር እሺ ያልኩት፣ ኢንጂነር። እኔን ይጻፉኝ።"

"ዝም በዪ" አልኳት። "መንገዱን የዘጋሽው አንቺ ነሽ፤ እሱንም ይጻፈው እንግዲህ።" ወደ ኢንጂነሩ ዞርኩ። "አንተ ፍፁም፣ ማንንም አትጻፍ። ቃሉን ጻፍ። ማክሰኞ ነግሬህ ነበር።"

እስክሪብቶው ቆመ። ጆሮው ቀላ። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ላይ አሻግሮ ሳይሆን እኔን አየኝ።

"ነግረውኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "አልሰማሁዎትም። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰኞ በሠራተኛው ሁሉ ፊት እናመሰግንዎታለን። ለድርጅቱም እነግራለሁ፤ አንድ ጥሩ ጋቢ..."

"ጋቢ አለኝ።"

"እንግዲያው ምን እናድርግልዎት? ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ወረቀት ከሌለዎት ሬዲዮውን ልሰጥዎት አልችልም። ማንበብ..."

"ነፋሱን ማን አነበበው?" አለ አልአዛር።

"አንተ አርፈህ ቁም፤ እኔ አፍ አለኝ" አልኩት። ከዚያ ለኢንጂነሩ እንዲህ አልኩት፤

"ስማኝ ልጄ። ሕግህን አፍርስልኝ አላልኩም። ወረቀት የሌለው ክሬን አይዘዝ ማለት ጥሩ ሕግ ነው፤ ባሬላ ስሸከም ያለ ሕግ የሞተ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ምስጋናህንም ለራስህ ያዘው። እኔ የምፈልገው ፈተናውን ነው። ፈታኙን ሰኞ ጠዋት አምጣልኝ። ቢሮ ውስጥ አይቀመጥ፤ እዚህ መንጠቆው ሥር ይቁም። ጥያቄውን ማህሌት በአማርኛ ታንብብልኝ፣ እኔ በአፌ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ሰንሰለት ሰጥቶኝ እጄን ይይ። ክንዱ ጫፍ ላይ ስንት ኪሎ ይነሳል ይበለኝ፣ ነፋስ ሲበረታ መቼ ይቁም ይበለኝ፣ የፈለገውን ይበለኝ። ከወደቅኩ እስከ ዕድሜዬ ማብቂያ አርማታህን አጠጣለሁ፣ ቃል አይወጣኝም። ካለፍኩ ግን ስሜን እዚያ ወረቀት ላይ ትጽፋለህ፤ ካሰች፣ ክሬን አዛዥ። ማህሌት ታየዋለች፣ አንድ ፊደል ብትጎድል ትነግረኛለች። አሁን ስልክህን አውጣና ለፈታኙ ደውል። ድምፁን ክፈተው። እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ።"